የጀልባዎ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ይታደስ ወይስ ይቀየር? ደረጃ በደረጃ የመለያ መመሪያ

«ሞተሩ አርጅቷል፣ ያጨሳል፣ ጉልበት አጥቷል። ሙሉ በሙሉ ላሳድሰው ወይስ ሌላ ልግጠም?» ይህን ጥያቄ የጀልባ ባለቤቶች ደጋግመው ይጠይቁናል። መልሱን የሚሰጠው የሞተሩ ዕድሜ ሳይሆን ልኬት ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ወጪ ከሌለው ምርመራ ተነስቶ ወደ ውዱ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ መልሱ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ሳይነሳ ስለሚገኝ ደረጃ አይዝለሉ።

ለቁጥሮቹ ምሳሌ የወሰድነው ፐርኪንስ 4.236ን ነው፦ አራት ሲሊንደር፣ 3.86 ሊትር፣ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው፣ በጀልባው ሆድ ውስጥ የተተከለ። ሌላ ሞተር ካለዎት ቅደም ተከተሉን እንዳለ ይውሰዱ፤ ቁጥሮቹን ግን ከሞተርዎ ማኑዋል ይተኩ። ቦታው ደግሞ ጣና ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ከማኑዋሉ ጋር የማይገጥሙ ልኬቶች አሉ። ደህና ሞተር «አልቋል» ተብሎ የሚወርደውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመጀመሪያው ዙር፣ ሞተሩ ሳይፈታ፦
- የናፍጣ ሞተር ኮምፕሬሽን (ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠር ግፊት) ጌጅ፣ እስከ 40 ባር የሚያነብ፣ በኖዝሉ (በናፍጣ መርጫው) ቀዳዳ የሚገባ ማገናኛ ያለው። የቤንዚን ሞተር ጌጅ ይህን ግፊት አይችልም።
- መካኒካል የዘይት ግፊት ጌጅ፣ እስከ 7 ባር
- በብርሃን የሚያነብ የእጅ ዙር መለኪያ
- በርቀት የሚያነብ ቴርሞሜትር
- ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ
- 10 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን፣ ከ2 ሜትር የናፍጣ ጎማ ጋር
- 4 አዲስ የኖዝል መዳብ ዋሸር
- የአየር ማስገቢያውን አፍ ሙሉ በሙሉ የሚደፍን ጠፍጣፋ ጣውላ

ለሁለተኛው ዙር፣ ሞተሩ ሲከፈት፦
- እስፔሶር (ጠባብ ክፍተት የሚለካ የስስ ብረቶች ስብስብ)፣ ከ0.05 እስከ 1 ሚ.ሜ.
- ማይክሮሜትር፣ ከ50–75 እና ከ75–100 ሚ.ሜ. (ከሌለዎት ልኬቱን ቶርኖ ቤት ያሠሩ)
- ያልጎበጠ የብረት ማስመሪያ፣ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ኃይል የሚያሳይ)፣ 1 ቶን የሚያነሳ ፓራንኮ (የሰንሰለት ማንሻ)
- አዲስ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት)፣ አንድ ብቻ፣ ለመለኪያ

ከመጀመርዎ በፊት ማስጠንቀቂያ

ጣውላውን ከእጅዎ አያርቁ። ፋሻው ያለቀ ወይም ዘይቱ ውስጥ ናፍጣ የገባ ሞተር የራሱን ዘይት እየሳበ ዙሩ ሊያመልጥ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ናፍጣውን ቢዘጉትም አይጠፋም፤ የሚያጠፋው አየር ማፈን ብቻ ነው። በእጅ ወይም በጨርቅ ግን አይሞክሩ።

ከኖዝል የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ጣት ላይ ከደረሰ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሞተሩን ሲያስነሱ የሞተር ክፍሉ ሽፋን ክፍት ይሁን፤ የጭስ ማውጫ ቱቦው ቀዳዳ ካለው መርዛማው ጋዝ በጀልባው ሆድ ይጠራቀማል። የሚያፈሱትን ዘይት በጀሪካን ሰብስበው ወደ ከተማ ይውሰዱ። ሐይቁ የሰው መጠጥና የዓሣ ቤት ነው፤ ጠብታ አይግባበት።

ደረጃ 1፦ ሞተሩን ሳይነኩ ዕቃው መኖሩን ያረጋግጡ

በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር በጨርቅ ጠርገው ፎቶ ያንሱ። የ4.236 ቁጥር በኤልዲ (LD) ፊደላት ይጀምራል። ይህን ይዘው ስለ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይጠይቁ።

የመጀመሪያው የውስጥ ዕቃ ነው፦ ፒስቶን፣ ካሚቻ (ፒስቶኑ የሚሄድበት የሲሊንደር ቱቦ)፣ ፋሻ፣ ብሮንዚና (የክራንክ ተሸካሚ ስስ ብረት)፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ቫልቮላ (አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ በር)። 4.236 ማሲ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይም የተገጠመ ሞተር ስለሆነ ይህን ከትራክተር መለዋወጫ ሻጭ ማግኘት ይቻላል። ሁለተኛው የጀልባ ብቻ የሆነው ነው፦ በውሃ የሚቀዘቅዘው የጭስ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው)፣ የሙቀት መለዋወጫው (የሞተሩን ውሃ በሐይቅ ውሃ የሚያቀዘቅዘው)፣ የሐይቅ ውሃ ፖምፓው፣ የዘይት ማቀዝቀዣው፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)። እነዚህን ትራክተር ላይ አያገኟቸውም።

ውሳኔው እዚህ ሊያልቅ ይችላል። የውስጥ ዕቃው የማይገኝ ሞተር ምንም ያህል ቢወዱት አይከፈትም። የውስጥ ዕቃው ተገኝቶ ማኒፎልዱ ከውስጥ በዝገት የተበላ ከሆነ ደግሞ ዋናው ወጪዎ ፒስቶን ሳይሆን ማኒፎልዱ ነው። ሻጩ «ይገባለታል» ቢልም የፒስቶኑን ቁጥር ከሞተር ቁጥርዎ ጋር ያመሳክሩ።

ደረጃ 2፦ ጥፋቱ ከሞተሩ ውጭ እንዳልሆነ ይወቁ

በዚህ ደረጃ ሞተሩ ራሱ አይፈታም፤ ብዙ ሞተር የሚያድነው ግን እሱ ነው።

ሀ) ውሃ። ጀልባው ታስሮ የውሃ ማስገቢያውን ቧንቧ ይዝጉ፣ ማጣሪያውን ይክፈቱ። በእምቦጭ ወራት የተበጣጠሰ ሥርና ቅጠል ማጣሪያውን አልፎ ማስገቢያው አፍ ላይ እንደ ቡሽ ይወተፋል። ቀጥሎ የሐይቅ ውሃ ፖምፓውን ክዳን ፈትተው የጎማውን ክንፎች ይቁጠሩ። አንድ ክንፍ ከጎደለ ቁራጩ ጠፍቶ አልቀረም፤ የሙቀት መለዋወጫው ቱቦዎች አፍ ላይ ተቀምጦ ውሃ እየከለከለ ነው። ፈልገው ያውጡት። ቱቦዎቹን በክረምት ደለል የሚደፍናቸው መሆኑንም ያስቡ።

ለ) የማቀዝቀዣው ክዳን። በጣና ከፍታ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሚዘዋወረውን ውሃ ከመፍላት የሚያድነው በክዳኑ ስፕሪንግ የሚያዘው ግፊት ነው። ስፕሪንጉ ከደከመ የሙቀት ጌጁ ገና «ደህና» እያለ ውሃው ይፈላና ይተፋል። ያኔ ብዙ ሰው «ጓርኒሲዮን በልቷል» ብሎ ቴስታታ ያነሳል። መጀመሪያ አዲስ ክዳን ይግጠሙ።

ሐ) ኤሊካ (ውሃውን ገፍቶ ጀልባውን የሚነዳው ክንፍ)። በኤሊካውና በዘንጉ ላይ የተጠቀለለ ሣር ወይም የመረብ ክር ካለ ያስወግዱ። ከዚያ ጀልባውን አውጥተው በሙሉ ጋዝ ይንዱና ዙሩን ያንብቡ። ሰሌዳው 2,500 ዙር የሚል ከሆነ በጣና 2,340 አካባቢ መድረሱ ከጤነኛ ሞተር የሚጠበቅ ነው። ምክንያቱም እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 81 በመቶ ያህል ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ኤሊካ የሚጠይቀው ጉልበት ደግሞ በዙሩ ኩብ ስለሚያድግ ጉልበቱ በ19 በመቶ ሲወርድ ዙሩ የሚወርደው 7 በመቶ ገደማ ነው። 2,000 ላይ ቆሞ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ከሆነ ግን ወይ ኤሊካው ከብዶታል ወይ ሞተሩ ታሟል። በነፃ ማርሽ ከፍተኛ ዙሩን በቀላሉ ከደረሰ ጥርጣሬዎ ወደ ኤሊካውና ወደ ጀልባው ሆድ ያዘንብል።

መ) ናፍጣ። ከታንከሩ ነጥለው በጀሪካኑ ንጹሕ ናፍጣ ያስነሱት። በዚህ ከተሻለው የታመመው ታንከሩ ወይም ማጣሪያው ነው።

ደረጃ 3፦ ጭሱን ያንብቡ

ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ያነሰ አየር ነው። በከፍታ ላይ፣ የናፍጣ መርጫ ፖምፓው ለባሕር ጠለል የተቃኘ ሞተር በሙሉ ጭነት ጥቂት ጥቁር ቢያወጣ አይደንቅም፤ ፖምፓ ቤት የናፍጣውን መጠን ቀንሶ ያስተካክለዋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ በፋሻ ወይም በቫልቮላ መሪ (ቫልቮላው በሚንሸራተትበት ቱቦ) በኩል ይገባል። ጠዋት ብቻ ታይቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ሰማያዊ በአብዛኛው የቫልቮላ መሪ ነው፣ ማለትም የቴስታታ ሥራ ብቻ። ነጭ ጭስ ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ዓይን ሳያቃጥል ማቀዝቀዣው ውሃ ከጎደለ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው።

የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ለመለየት ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ የየኖዝሉን ቱቦ ዳዶ አንድ በአንድ ግማሽ ዙር ያላሉ፣ ጨርቅ አልብሰው። ሲላላ ድምፁ የማይለወጠው ሲሊንደር ሥራ ያቆመው ነው። ያን ኖዝል ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩ። ጥፋቱ አብሮ ከሄደ የኖዝል ጥፋት ነው፤ ሞተሩ አይከፈትም።

ደረጃ 4፦ የዘይት ግፊት፣ በሙቅ

የጀልባውን ጌጅ አይመኑ። መካኒካሉን ጌጅ በሴንሰሩ ቦታ ይግጠሙ። ዘይቱን በ15 ደብልዩ 40 ቀይረው፣ ማጣሪያውንም ለውጠው፣ ሞተሩን በጭነት 30 ደቂቃ ያሙቁ። 4.236 በሙቅ በሥራ ዙሩ ቢያንስ 2.1 ባር ማሳየት አለበት። ዘይቱ የሚቀየርበት ምክንያት አለው፦ የሚሸጥ ሞተር ወፍራም ዘይት ተሞልቶለት ሊሆን ይችላል፤ ውፍረቱ ያለቀ ብሮንዚና ይደብቃል።

ግፊቱ ዝቅ ካለ ለመፍረድ አይቸኩሉ። መለኪያ ዘንጉ ላይ ዘይቱ ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ የናፍጣ መሳቢያው ፖምፓ ዲያፍራም ተቀዶ ዘይቱን እያቀጠነው ነው። ዲያፍራሙን ይቀይሩ፣ ዘይቱን ይለውጡ፣ ደግመው ይለኩ። አሁንም ከ2.1 በታች ከሆነ ብሮንዚናውና ክራንክሻፍቱ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ክራንክ) መታየት አለባቸው።

ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ የዘይት ማቀዝቀዣውን ነጥለው በአየር ግፊት ይፈትሹ። የጀልባ ሞተር ከትራክተር የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃና ዘይት የሚገናኙበት ቦታ ቴስታታ ብቻ አይደለም። የተበሳ ማቀዝቀዣ በአንድ ቀን ይቀየራል።

ደረጃ 5፦ ኮምፕሬሽን

1. ሞተሩ ሞቆ ይጥፋ። የአየር ማጣሪያውን ያውጡ፣ የናፍጣ ማቆሚያውን ስበው እንደተሳበ እንዲቆይ ይሰሩት።
2. አራቱንም ኖዝሎች ያውጡ። አንዱን ብቻ አውጥተው ከለኩ ሞተሪኖው (የማስነሻ ሞተሩ) በሦስቱ ግፊት ተይዞ ስለሚዘገይ ንባቡ ይወርዳል።
3. ጌጁን በአዲስ መዳብ ዋሸር ይግጠሙ። አሮጌው ዋሸር ያስተነፍሳል።
4. መርፌው መውጣት እስኪያቆም በሞተሪኖ ያዙሩ። ይመዝግቡ፣ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።
5. ዝቅተኛ የተነበበውን ሲሊንደር ደግመው ይለኩ።

አሁን ማባዛቱ ይመጣል። የማኑዋሉ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው፤ በጣና በ0.81 ያባዙት። ማኑዋሉ 28 ባር ካለ እዚህ የሚጠብቁት 22.7 ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ 1,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በ0.88 ያባዙ። ይህን ያላደረገ መካኒክ 22 አንብቦ «ፋሻ አልቋል» ይላል፤ ሞተሩ ግን አዲስ ያህል ነው።

ከቁጥሩ በላይ የሚናገረው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ3.5 ባር በላይ መራራቅ የለባቸውም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። አንዱ ብቻ ከወረደ ቫልቮላ ወይም ፋሻ ነው። አራቱም እኩል ከወረዱ አጠቃላይ ማለቅ ነው።

ፋሻን ከቫልቮላ ለመለየት በቀዳዳው ዘይት ጠብ ማድረግ የተለመደ ነው፤ በናፍጣ ሞተር ግን ያሳስታል። በ4.236 ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 64 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። 5 ሚሊ ሊትር ዘይት ያን ቦታ ስለሚያጠብበው ብቻ፣ ፋሻው ጤነኛ ቢሆንም፣ ንባቡ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከዚያ በላይ ካልዘለለ ምንም አይደምድሙ፤ ከ5 ሚሊ ሊትርም አያሳልፉ፣ ዘይት የሞላ ሲሊንደር ቢየላ (ፒስቶኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ዘንግ) ያጣምማል። ይልቅ ሞተሩን አስነስተው በ1,500 ዙር የዘይት መሙያውን ክዳን ያንሱ። ቀስ ያለ ትንፋሽ ጤና ነው። ክዳኑን የሚያነጥር፣ ዘይት የሚረጭ ትንፋሽ ካለ ጋዙ በፋሻው እያለፈ ነው።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ውሳኔ

የዘይት ግፊቱ ደህና፣ ኮምፕሬሽኑ ተቀራራቢ፣ ትንፋሹ ቀላል ከሆነ ሞተሩን አይክፈቱ። ኖዝሎቹን ያስፈትሹ፣ የቫልቮላውን ክፍተት በቀዝቃዛ 0.30 ሚ.ሜ. አድርገው ያስተካክሉ፣ ይንዱት። ግፊቱ ደህና ሆኖ ኮምፕሬሽን የወረደው በአንድ ወይም በሁለት ሲሊንደር ከሆነ ቴስታታውን ብቻ ያንሱ፤ ይህ ሞተሩ ከጀልባው ሳይወጣ ይሠራል። የዘይት ግፊቱም ኮምፕሬሽኑም ከወረዱ ሞተሩ መውጣት አለበት፤ ኮፓው (የዘይት መያዣው) ከጀልባው ሆድ ጋር ስለሚጠባበቅ ከታች መክፈት በአብዛኛው አይቻልም። ባዶው ሞተር ከ250 ኪሎ ይበልጣል፣ ስለዚህ ፓራንኮውን በጀልባው ጣሪያ ላይ ሳይሆን መሬት በረገጠ ምሰሶ ላይ ይስቀሉ።

ደረጃ 7፦ ሲሊንደሩን በፋሻና በእስፔሶር መለካት

ቴስታታው ሲነሳ በቫልቮላ መቀመጫዎቹ መካከል ስንጥቅ ይፈልጉ፤ ማስመሪያውን በርዝመትና በአግድም አስቀምጠው መጉበጡን ይዩ። ከዚያ ወደ ካሚቻው።

የሲሊንደር መለኪያ ከሌለዎት አዲሱን ፋሻ ብቻውን ካሚቻው ውስጥ ያስገቡ። ቀጥ እንዲል በፒስቶን ራስ ይግፉት። መጀመሪያ ከላይ፣ ጥፍር ከሚይዘው ደረጃ ወዲያው በታች፣ የፋሻውን ክፍተት በእስፔሶር ይለኩ። ቀጥሎ ፋሻ ከማይደርስበት የካሚቻው ታችኛ ጫፍ ይለኩ። ሁለቱን ቀንሰው ለ3.14 ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ካሚቻው በዲያሜትር የተበላው ነው። ለምሳሌ ከላይ 1.05፣ ከታች 0.45 ከሆነ ልዩነቱ 0.60፣ መበላቱ 0.19 ሚ.ሜ. ነው። ወደ 0.20 ከተጠጋ አዲስ ፋሻ ብቻ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ክብ ባልሆነ ካሚቻ ፋሻ አይቀመጥም። የ4.236 ካሚቻ ደረቅ ስለሆነ ተገፍቶ ይወጣና አዲስ ይገባል። ስለዚህ የካሚቻ ማለቅ ብቻውን ሞተር አይጥልም።

ደረጃ 8፦ ክራንክሻፍቱና ብሎኩ፣ ፈራጆቹ

የክራንኩ የቢየላ አንገት (ቢየላው የሚገጠምበት) ከፋብሪካ 63.47–63.49 ሚ.ሜ.፣ ዋናው አንገት (ብሎኩ ላይ የሚቀመጠው) 76.16–76.18 ሚ.ሜ. ነው። እያንዳንዱን አንገት በሁለት አቅጣጫና በሁለት ቦታ፣ በጠቅላላ አራት ጊዜ ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.04 ሚ.ሜ. ካለፈ ግራይንድ (በድንጋይ መሞረድ) ያስፈልገዋል። ብሮንዚና በ0.25፣ በ0.51 እና በ0.76 ሚ.ሜ. ያነሰ ይገኛል። አሮጌው ብሮንዚና ጀርባ ላይ የተመታውን ቁጥር ያንብቡ፦ 0.76 ወይም በኢንች 030 ካለ ክራንኩ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነውና ዳግም ግራይንድ አይደረግም። ግራይንድ የሚያደርገውን ቤት ስንጥቅ እንዲፈትሽልዎና ክራንኩ ላዩ የጠነከረ ከሆነ ዳግም ማጠንከር ይችል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ብሎኩን በናፍጣ አጥበው ያድርቁ፣ በቡሎን ቀዳዳዎቹና በዋናው ብሮንዚና መቀመጫዎች ዙሪያ ስንጥቅ ይፈልጉ። ብሮንዚና የዞረበት መቀመጫ ካለ መካከሉ በአንድ መስመር ዳግም መሰርሰር አለበት፤ ይህን በትክክል የሚሠራ ቶርኖ ቤት ካላገኙ እዚህ ይቁሙ። የተሰነጠቀ ብሎክ ወይም ያበቃለት ክራንክ ሞተሩን የዕቃ ምንጭ ያደርገዋል።

ደረጃ 9፦ ሒሳቡ

በአንድ ወረቀት ሁለት ዝርዝር ይጻፉ። ለማደስ፦ የውስጥ ዕቃ፣ ቶርኖ ቤት፣ ፖምፓና ኖዝል ቤት፣ የጀልባ ብቻ የሆኑ ዕቃዎች፣ ማውጣትና መመለስ፣ ጀልባው የሚቆምበት ጊዜ። በድምሩ ላይ 25 በመቶ ይጨምሩ፣ ሲከፈት የሚታይ ነገር አይጠፋምና። ለመቀየር፦ ሲሠራ አይተው የሚገዙት ሞተር፣ የመሠረት ማስተካከያ፣ የካምቢዮ ማገናኛ፣ ጭስ ማውጫ፣ ሽቦ። ከትራክተር የወጣ 4.236 ከሆነ የአሮጌዎን ማኒፎልድና የሙቀት መለዋወጫ ወደ እሱ ማዛወር ይቻላል። ስለዚህ እነዚህ ዕቃዎችዎ ደህና ከሆኑ መቀየር ይረክሳል። የሚገዙትን ሞተር ከደረጃ 3 እስከ 5 ባለው ይፈትኑት።

በእኛ ሚዛን የማደሻው ድምር ከመቀየሪያው ሁለት ሦስተኛ በታች ከሆነ ያድሱ፤ ውስጡን ያውቁታል። ካለፈ ይቀይሩ። ክራንኩ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ከሆነ ድምሩ ቢረክስም ይቀይሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

በተለሰለሰ ካሚቻ ላይ አዲስ ፋሻ ማስገባት። ካሚቻው በሆኒንግ ድንጋይ ካልተጫረ ዘይት አይይዝም፣ ፋሻው አይቀመጥም፣ ሞተሩ እንደ ድሮው ዘይት ይበላል።

የዋና ብሮንዚና ክዳኖችን ማቀያየር። ሁሉም ከብሎኩ ጋር አብረው የተሰረሰሩ ናቸው። ከመፍታትዎ በፊት ቁጥርና አቅጣጫ ይምቱባቸው።

ከግራይንድ የመጣ ክራንክ የዘይት ቀዳዳዎቹን ሳያጥቡ መግጠም። የቀረ የድንጋይ ብናኝ አዲሱን ብሮንዚና ወዲያው ይበላዋል።

ሲሊኮን ማብዛት። ከውስጥ የተረፈው ተቆርጦ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል።

ሞተሩን ከመለሱ በኋላ ዘንጉን በየብስ ማስተካከል። ጀልባው ውሃ ላይ ሲቀመጥ ቅርጹ ይለወጣል። ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ውሃ ላይ እንዳለ፣ የካፕሊንጉን (ዘንጉን ከካምቢዮው የሚያገናኘውን) ፊት ዙሪያውን በእስፔሶር ይለኩ፤ 100 ሚ.ሜ. ስፋት ላለው ካፕሊንግ ልዩነቱ ከ0.10 ሚ.ሜ. አይብለጥ።

የታደሰን ሞተር «እንዲለምድ» ብሎ በዝቅተኛ ዙር ለሰዓታት ማቆየት። ፋሻን ካሚቻው ላይ የሚያስቀምጠው የሲሊንደር ግፊት ነው፣ ግፊት ደግሞ የሚመጣው ከጭነት ነው። ከሞቀ በኋላ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ጭነት፣ ዙሩን እየለዋወጡ ይንዱት፤ ዘይቱንና ማጣሪያውን በ50 ሰዓት ውስጥ ይለውጡ።